አምሳያ ባቡርና ሠሪዎቹ

ምንባብ

ልጆች ከሽቦ፣ ከሰርዲን ቆርቆሮና ከቆርኪ መኪና ሠርተው፣ በረጅም ሽቦ እየመሩ በአቧራ ላይ ሲነዱ ማየት በየመንደሩ የተለመደ ነው። መኪናው መሪ አለው፤ አራት ጎማ አለው፤ አንዳንዱም ጭነት ይጫንበታል። ይሁን እንጂ ከሠሪው ልጅ ዘንድ ቀርቦ «የዚህ መኪና ጎማ ከእውነተኛው ጎማ ስንት ጊዜ ያንሳል? በሩስ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ቢኖር፣ ልጁ በመገረም ዝም ከማለት በቀር መልስ አይኖረውም። ቆርኪው የጎማውን ቦታ የያዘው ክብ ስለሆነ ነው እንጂ ተለክቶ አይደለም። መጫወቻና አምሳያ የሚለያዩት እዚህ ላይ ነው። መጫወቻ እውነተኛውን ነገር ያስታውሳል፤ አምሳያ ግን ያንኑ ነገር በልክ አሳንሶ ያቀርባል።

ይህን በልክ የማሳነስ ሥራ ለባቡር ያዋሉ፣ በየከተማው ማኅበር መሥርተው የሚሠሩ ሰዎች በብዙ አገሮች ይገኛሉ። ሥራቸው አምሳያ ባቡር፣ በተለመደው አጠራርም ሞዴል ባቡር ይባላል። ከእነዚህ ክበቦች በዕድሜ ከቀደሙት አንዱ እ.ኤ.አ. በ1910 በለንደን ከተማ የተቋቋመው ነው። ከዚያ በፊትም የባቡር መጫወቻዎች በአውሮፓ ገበያ ሞልተው ነበር፤ ነገር ግን የአንዱ ፋብሪካ ባቡር በሌላው ፋብሪካ ሐዲድ ላይ አይሄድም ነበር። ማርክሊን የተባለው የጀርመን ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1891 በላይፕሲግ የንግድ ትርኢት ላይ፣ በቁጥር የተለዩና ስፋታቸው የተወሰነ ሐዲዶችን ካቀረበ በኋላ ነው ነገሩ መልክ እየያዘ የሄደው። ልኩ ከታወቀ ዘንድ፣ አንዱ የሠራውን ፉርጎ ሌላው በሠራው ሐዲድ ላይ ማስኬድ ይቻላል። ክበብም ሊኖር የቻለው በዚህ ምክንያት ነው።

በዛሬው ጊዜ በብዛት የሚሠራበት የማሳነሻ ልክ አንድ ለሰማንያ ሰባት (1፡87) ነው። ይህም በጂኦግራፊ ትምህርት የካርታ እስኬል እንደሚባለው ያለ ነው። 20 ሜትር የሚረዝም የመንገደኞች ፉርጎ በዚህ ልክ ሲሠራ 23 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ቁመቱ 1 ሜትር ከ70 የሆነ ሰው 2 ሴንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም። ስፋቱ 1,435 ሚሊ ሜትር የሆነው፣ በዓለም ላይ በብዛት የተዘረጋው ሐዲድ፣ ለ87 ሲካፈል 16 ሚሊ ሜትር ተኩል ይመጣል። የአምሳያው ሐዲድም የሚሠራው በዚሁ ስፋት ስለሆነ ሒሳቡና ሥራው ይገጥማሉ።

ባለ አንድ ሜትሩ ሐዲድ ላይ ሲደረስ ግን ትንሽ ችግር ይነሣል። አንድ ሜትር ለ87 ሲካፈል 11 ሚሊ ሜትር ተኩል ነው፤ ለዚህ ዓይነቱ መስመር በፋብሪካ የሚሠራው የአምሳያ ሐዲድ ግን 12 ሚሊ ሜትር ነው። የግማሽ ሚሊ ሜትር ልዩነት ለዓይን በጣም ትንሽ ነው፤ በእውነተኛው ሐዲድ ላይ ተመልሶ ሲታሰብ ግን ከ4 ሴንቲ ሜትር በላይ ነው። አንዳንዱ ሠሪ ይህን ዐውቆ ይተወዋል። ሌላው ደግሞ የፋብሪካውን ሐዲድ ጥሎ፣ ብረቱን በሞረድ እየሞረደ በትክክለኛው ስፋት ራሱ ይዘረጋል። ስለዚህ ጉዳይ በክበቦች ውስጥ የሚነሣው ክርክር ረጅም ነው፤ ውጭ ሆኖ ለሚሰማው ሰው ከንቱ ሊመስለውም ይችላል። ነገር ግን ክርክሩ ስለ ግማሽ ሚሊ ሜትር ብቻ አይደለም፤ ስሕተትን እያወቁ ማለፍ እስከ የት ድረስ ይፈቀዳል የሚል ነው።

ባለ አንድ ሜትሩን ሐዲድ ለማወቅ ኢትዮጵያዊ ተማሪ ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። ከጅቡቲ አዲስ አበባ ይደርስ የነበረው የቀድሞው የምድር ባቡር ሐዲድ ስፋቱ አንድ ሜትር ነበር። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ የሥራውን ፈቃድ ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነው። ሥራው በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተጀምሮ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደረሰ። ሐዲዱ ወደ ሐረር ከተማ ተራራውን መውጣት ስላልቻለ ከግርጌው በቆላው አለፈ፤ በዚያም ቦታ በመጀመሪያ «አዲስ ሐረር» የተባለችው ከተማ ተቈረቈረች። ከዚያም በገንዘብ እጥረትና በመንግሥታት ክርክር ምክንያት ሥራው ለዓመታት ቆይቶ፣ ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። በኋላ ለገሀር ተብሎ የሚታወቀው ትልቁ የጣቢያ ሕንፃ የተመረቀው በ1922 ዓ.ም. ነው። ጠቅላላ ርዝመቱ 784 ኪሎ ሜትር ነበር።

አንድ ክበብ ይህን መስመር በአምሳያ ለመሥራት ቢነሣ ምን ይገጥመዋል? 784 ኪሎ ሜትር ለ87 ሲካፈል 9 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። ከባሕር ጠረፍ ተነሥቶ 2,350 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ወደምትገኘው አዲስ አበባ የሚወጣው አቀበትም በአምሳያው ከ27 ሜትር አያንስም፤ ይኸውም የባለ ዘጠኝ ፎቅ ሕንፃ ቁመት መሆኑ ነው። እንዲህ ያለ አዳራሽ የትም አይገኝም። ስለዚህ ክበቡ ሥራውን የሚጀምረው በመጋዝና በመዶሻ ሳይሆን በመምረጥ ነው። የትኛውን ቦታ እንወክል? የትኛውን እንተው? መንገደኛው ያየውን ሁሉ ማሳየት የማይቻል ከሆነ፣ የትኛው ቢቀር ነው መስመሩ ያ መስመር መሆኑ የሚቀረው?

አንዱ አባል የአዋሽን ገደልና በላዩ የተዘረጋውን የብረት ድልድይ ይመርጥ ይሆናል። ድልድይ ለዓይን ያምራል፤ ነገር ግን ባቡር በላዩ ካለፈ በኋላ ሌላ የሚደረግበት ነገር የለም። ሌላው በመተሐራ በኩል፣ እየሰፋ የሄደው የበሰቃ ሐይቅ ሐዲዱን የተጠጋበትን ቦታ ይወድድ ይሆናል። ሥራ የሚወድድ ክበብ ግን ድሬዳዋን ቢመርጥ ይሻለዋል። ድሬዳዋ የመስመሩ ዋና የጥገና ቦታ ነበረች። ከጅቡቲ 311 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በመስመሩ መካከል ስለምትገኝ፣ ባቡሮች ከሁለት አቅጣጫ እየመጡ ይገናኙባታል፤ ጎታቾቹ ይለወጡባታል፤ የተበላሸው ፉርጎ ተነጥሎ ወደ ጥገና ይገባባታል። በጥገናው ውስጥም ቶርኖው፣ መዶሻው፣ ማቅለጫው ነበር። ከውጭ አገር እስኪመጣ ሊጠበቅ የማይችል መለዋወጫ እዚያው ይሠራ ነበር። በጣቢያው አጠገብ ቀጥ ባሉ ጎዳናዎች የተሠራው ከዚራ የተባለው ሰፈር የባቡሩ ልጅ ነው። ይህን ሁሉ በአንድ ክፍል ርዝመት ውስጥ ማስገባት አስቸጋሪ ቢሆንም ከነጭራሹ የማይቻል አይደለም።

ቦታው ከተመረጠ በኋላ ዘመኑ ደግሞ መወሰን አለበት። በመጀመሪያዎቹ አምሳ ዓመታት ጎታቾቹ በእንፋሎት የሚሠሩ ነበሩ። ከ1940ዎቹ ጀምሮ በናፍጣ የሚሠሩት ቦታቸውን እየወሰዱ መጡ። በመካከሉም ሞተሩ በራሱ በመንገደኛው ክፍል ውስጥ ያለው፣ ሊቶሪና የሚባለው ባቡር ነበር። አዲሱ፣ 1,435 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለውና በኤሌክትሪክ የሚሠራው የአዲስ አበባ–ጅቡቲ መስመር የተመረቀው በመስከረም 2009 ዓ.ም. ነው፤ የንግድ አገልግሎት መስጠት የጀመረውም በታኅሣሥ 2010 ዓ.ም. ነው። ይህ አዲስ መስመር በሌላ ሐዲድና በሌሎች ጣቢያዎች ስለሚሄድ፣ የኤሌክትሪኩን ጎታች በለገሀር ሕንፃ ፊት ያቆመ አምሳያ ሠሪ የቱንም ያህል እጁ የተባረከ ቢሆን ሐሰት ሠርቷል። እንዲህ ያለውን ስሕተት ለመከላከል ክበቦች አንድ ዓመት፣ አንዳንዴም አንድ ወር ይመርጣሉ፤ በዚያ ወር ያልነበረ ነገር ሁሉ ወደ ጠረጴዛው አይወጣም። ወሩ ከታወቀ ደግሞ ዛፉ አበባ ማውጣት አለማውጣቱ፣ ወንዙ መሙላት አለመሙላቱ ይታወቃል።

ከዚህ በኋላ አባላቱ ሥራ ይከፋፈላሉ። አናጢነት የሚችለው ጠረጴዛውን ይሠራል፤ ጠረጴዛው ካልጸና ሌላው ሁሉ ከንቱ ነው፤ ምክንያቱም እንጨቱ በክረምት ሲያብጥና በበጋ ሲሸሽ ሐዲዱን ያጣምመዋል። ሥዕል የሚወድደው ተራራውን ይይዛል። ተራራ ከሽቦ ወንፊት፣ በኮላ ከተነከረ አሮጌ ጋዜጣና ከጀሶ ይሠራል። ሣሩና ቁጥቋጦው ቀለም የተነከረ ሰጋቱራ ነው። የድሬዳዋ አካባቢ አሸዋና የግራር ቁጥቋጦ የሚበዛበት ስለሆነ አረንጓዴ ቀለም ያበዛ ሰው አገሩን አያውቀውም ማለት ነው። ከዚያም ቤቶቹ ይመጣሉ። አንድን ቤት ለማሳነስ መጀመሪያ እውነተኛውን ቤት መለካት ያስፈልጋል፤ በሩን፣ የመስኮቱን ከፍታ፣ የጣራውን ዝንባሌ፣ ከግድግዳው የሚወጣውን የጣራ ክፈፍ ስፋት ሳይቀር። ፎቶግራፍ ብቻ አይበቃም፤ ፎቶግራፍ የራቀውን ያሳንሳል፣ የቀረበውን ያገዝፋል፤ ሜትር ግን ለሁሉም እኩል ነው። በዚህ ሥራ ላይ የሰነበተ ሰው ቀድሞ በየቀኑ እያለፈበት ያላየውን የጣቢያ በር፣ ስንት ማጠፊያ እንዳለው ሳይቀር ያውቀዋል።

ኤሌክትሪኩ ለብቻው ትምህርት ነው። በተለመደው አሠራር ከሁለቱ ሐዲዶች አንዱ አዎንታዊውን፣ ሌላው አሉታዊውን 12 ቮልት ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ ይሸከማል፤ ጎታቹም በጎማዎቹ አማካይነት ከሁለቱ ተቀብሎ ሞተሩን ያዞራል። ስለዚህ ቀኝና ግራ ጎማዎች በኤሌክትሪክ መነካካት የለባቸውም። ሐዲዱ ዞሮ ወደ ራሱ የተመለሰ እንደ ሆነ ደግሞ፣ አዎንታዊው ከአሉታዊው ጋር ይገናኝና በአንድ አፍታ ይቃጠላል። ጀማሪ ሁሉ ይህን አንድ ጊዜ አይቶ ነው የሚማረው። ከ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ወዲህ እያንዳንዱ ጎታች የራሱ ቁጥር እየተሰጠው በዚያ ቁጥር የሚታዘዝበት ዘዴ ተስፋፍቷል፤ ይሁንና የሁለቱ ሐዲዶች ሕግ አልተለወጠም።

ከጠረጴዛው በታች ያለው የሽቦ ጥልፍልፍ ከጠረጴዛው በላይ ካለው አገር የበለጠ ታሪክ የሠራበት ጊዜ አለ። እ.ኤ.አ. በ1946 በአሜሪካ የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ተማሪዎች የአምሳያ ባቡር ክበብ አቋቋሙ። አባላቱ ቀስ በቀስ በሁለት ወገን ተከፈሉ። አንደኛው ወገን ፉርጎ ቀለም የሚቀባ፣ ተራራ የሚሠራ ነበር። የሁለተኛው ወገን ሐሳብ ሁሉ ከጠረጴዛው በታች ነበር። እነዚህ ከስልክ ማዞሪያ የወጡ ሪሌዮችን ሰብስበው፣ ባቡሮቹን ሁሉ የሚቈጣጠር መሣሪያ ቀጠሉ። ከእነርሱም መካከል አያሌዎቹ በ1950ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. ወደ ተቋሙ በመጡት ኮምፒዩተሮች ላይ ሌሊቱን ሙሉ መሥራት ጀመሩ። እ.ኤ.አ. በ1962 ብቅ ካሉት የኮምፒዩተር ጨዋታዎች ቀደምት የሆነውን «ስፔስዎር» የተባለውን የሠሩት ወጣቶች ከዚህ ክበብ ጋር የተሳሰሩ ነበሩ። ዛሬ «ሀከር» የሚለው ቃል በብዙ ሰው አፍ የኮምፒዩተር ሌባ ማለት ሆኗል፤ በዚያ ክበብ ግን ስለ ብልሃቱ ብቻ ብሎ አንድን ነገር በጥበብ የሚሠራ ሰው የክብር ስም ነበር። ቃላት እንዲህ ይወርዳሉ።

ጠረጴዛው ከተጠናቀቀ በኋላ ባቡሩን ማስኬድ ይመጣል። እንግዳ ሰው ባቡሩ በፍጥነት ሲዞር ማየት ይወድዳል፤ አባላቱ ግን ይህን አይወዱም። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ባቡር በአንድ ለሰማንያ ሰባት ልክ በሰከንድ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው መሄድ ያለበት። በክበቡ የሥራ ምሽት እያንዳንዱ አባል አንድ ኀላፊነት ይይዛል፤ አንዱ የጣቢያ ኀላፊ፣ አንዱ ነጂ፣ አንዱ የጉዞውን ቅደም ተከተል ወሳኝ ይሆናል። የጊዜ ሰሌዳ ተጽፎ ይሰቀላል። ሰዓቱም ስድስት እጥፍ ይፈጥናል፤ የአሥራ ሁለት ሰዓት ጉዞ በሁለት ሰዓት ይፈጸማል። የቀድሞው የኢትዮጵያ መስመር ባለ አንድ ሐዲድ ስለ ነበረ፣ ፊት ለፊት የሚመጡ ሁለት ባቡሮች ሊተላለፉ የሚችሉት ተጨማሪ ሐዲድ ባለበት ጣቢያ ብቻ ነበር። አንዱ ቀድሞ ገብቶ ካልጠበቀ ሌላው መንገድ የለውም። ስለዚህ የአንድ ነጂ የአምስት ደቂቃ መዘግየት ከጣቢያ ጣቢያ እየተላለፈ፣ በመስመሩ ጫፍ ያለውን ባቡር ሳይቀር ያቆመዋል። ይህን ከመጽሐፍ ማንበብ ይቻላል፤ በጠረጴዛው ዙሪያ ቆሞ፣ ጓደኛው በእርሱ ምክንያት ሲጠብቅ ያየ ግን አይረሳውም።

አንዳንድ ክበቦች ያልተሠራ መስመር ይሠራሉ። ለዚህ ዓይነቱ ሥራ ጁባ መልካም ምሳሌ ናት። በባሪ ሕዝብ ምድር፣ በነጭ ዓባይ ምዕራባዊ ዳር የተመሠረተችው ይህች የደቡብ ሱዳን ዋና ከተማ ሐዲድ የላትም። በአገሪቱ ያለው ሐዲድ ከሱዳን፣ ከባባኑሳ ተነሥቶ በአዌይል በኩል እ.ኤ.አ. በ1962 ዋው የደረሰው ባለ 1,067 ሚሊ ሜትሩ መስመር ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የኬንያ፣ የኢትዮጵያና የደቡብ ሱዳን መሪዎች በኬንያ ጠረፍ በላሙ ተገኝተው፣ ወደብን፣ መንገድን፣ የነዳጅ ቧንቧንና ሐዲድን ያካተተ ታላቅ ዕቅድ ሲያስጀምሩ፣ ሐዲዱ ወደ ጁባና ወደ አዲስ አበባ እንዲደርስ ታስቦ ነበር። ጁባ ግን አልደረሰም። እንግዲህ አንድ ሰው የጁባን ጣቢያ በአምሳያ ልሥራ ቢል የት ያኖረዋል? ባቡሩ የሚመጣው ከምሥራቅ ነው፤ ከተማዋ ግን ከወንዙ ምዕራብ ናት። ጣቢያውን በምሥራቁ ዳር ቢያደርገው ድልድይ ከመሥራት ይድናል፤ መንገደኛው ግን ከነጓዙ ከከተማው ማዶ ይቀራል። ወንዙን ቢያሻግረው ደግሞ፣ ውሃው በሚሞላበት ወቅት የሚበቃ ከፍታ ያለው ድልድይ፣ ከዚያም በፊት ሐዲዱ ቀስ ብሎ የሚወጣበት ረጅም ቁልል አፈር ያስፈልገዋል። ከከተማዋ በስተ ምዕራብ የቆመው የኩጁር ተራራም ጣቢያው የሚሰፋበትን አቅጣጫ ይወስንበታል። ያልተሠራውን መስመር የሚሠራ ሰው «እንደ ፈቀድሁ አደርጋለሁ» ማለት አይችልም። እንዲያውም ያለውን ከሚያሳንሰው የበለጠ ጥንቃቄ ያሻዋል፤ ቢሳሳት ሄዶ የሚያመሳክርበት ሐዲድ የለውምና።

ከሁሉ ይልቅ አስቸኳይ የሆነው ግን የነበረው መስመር ነው። በቀድሞው ሐዲድ ላይ የአዲስ አበባና የድሬዳዋ ጉዞ በ2000 ዓ.ም. መጀመሪያ ዓመታት ተቋርጧል። በአንዳንድ ስፍራ ሐዲዱ ተነሥቷል፤ በአንዳንድ ስፍራ መንገድና ቤት ተሠርቶበታል። ብረቱ ቢነሣ ቢያንስ ፎቶግራፉ ይቀራል። በየትኛው ጣቢያ ስንት ተጨማሪ ሐዲድ እንደ ነበረ፣ ፉርጎው በየትኛው በኩል ይነጠል እንደ ነበረ፣ ነጂው በየትኛው ቁልቁለት ላይ ፍሬን መያዝ ይጀምር እንደ ነበረ የሚያውቁት ግን በጡረታ ያሉ ሠራተኞች ናቸው። ይህ ዕውቀት ምን ያህል ዋጋ እንዳለው በኤርትራ ታይቷል። ከምጽዋ ወደ አሥመራ የሚወጣው 118 ኪሎ ሜትር ሐዲድ በጦርነቱ ዘመን ተነቅሎ ብረቱ ለምሽግ ማጠናከሪያ ውሎ ነበር። ከ1994 እስከ 2003 እ.ኤ.አ. መልሶ ሲዘረጋ ብዙ አረጋውያን የቀድሞ ሠራተኞች ተካፍለውበታል፤ የትኛው ብረት የትኛው ጠምዛዛ ላይ እንደሚገባ ያውቁ ነበርና። ከእነርሱ ሌላ የሚያውቅ አልነበረም።

ስለዚህ በድሬዳዋም ሆነ በሌሎቹ የባቡር ከተሞች የተቋቋመ የተማሪዎች ክበብ፣ አንድ ፉርጎ ሳይሠራ በፊት ማስመሪያ፣ ሜትርና ደብተር ይዞ ብዙ ይሠራል። የቆመውን ጎታች ከፊት እስከ ኋላ ይለካል፤ የጎማዎቹን መካከል ይለካል፤ ከአንድ አዛውንት ጋር በሐዲዱ ላይ እየተራመደ «እዚህ ምን ነበር?» ብሎ ይጠይቃል፤ መልሱን በሥዕሉ ላይ በቦታው ይጽፋል። እንዲህ ያለው ሥዕል ተከማችቶ ጠረጴዛው ባይሠራ እንኳ የመስመሩ ልክ አይጠፋም። ሥዕሉ ከሌለ ግን፣ ጠረጴዛው የቱንም ያህል ቢያምር፣ ቆርኪ ጎማ ካለው የሽቦ መኪና አይለይም።

ሀ. ስለ ቃላቱ

ከባቡር ጋር ወደ አማርኛ የገቡ አያሌ ቃላት አሉ። «ባቡር» የሚለው ራሱ እንፋሎት ማለት ከሆነው የአውሮፓውያን ቃል የመጣ ሲሆን፣ በሞተር የሚሠራ የእህል ወፍጮም በዚሁ ስም ይጠራል። «ሐዲድ» በዐረብኛ ብረት ማለት ነው። «ለገሀር» ጣቢያው ከሚል የፈረንሳይኛ ቃል፣ «ፉርጎ»ም ከዚያው ቋንቋ የተወሰዱ ናቸው። «ሹፌር» በፈረንሳይኛ ጥንተ ትርጓሜው የሚያሞቅ፣ የሚያነድ ማለት ነው፤ በእንፋሎት ባቡር ላይ እሳቱን የሚቈሰቁሰው ሠራተኛ በዚህ ስም ይጠራ ነበር።

የሚከተሉት ቃላትና ሐረጎች በምንባቡ ውስጥ በገቡበት ስሜት ሌላ ዐረፍተ ነገር ሥሩባቸው።
አምሳያ፣ ተቈረቈረች፣ እጁ የተባረከ፣ ጥልፍልፍ፣ ጠምዛዛ፣ ማመሳከር

ለ. ጥያቄዎች

1. መጫወቻና አምሳያ በምን ይለያያሉ? ከምንባቡ ውጭ አንድ ምሳሌ ጨምሩ።
2. ክበቡ ሥራውን «በመምረጥ ይጀምራል» የተባለው ለምንድን ነው?
3. የኤሌክትሪኩን ጎታች በለገሀር ሕንፃ ፊት ያቆመ ሰው ሐሰት ሠርቷል የተባለበትን ምክንያት አስረዱ።
4. «ቃላት እንዲህ ይወርዳሉ» የሚለው ዐረፍተ ነገር ስለ የትኛው ቃል የተነገረ ነው? በአማርኛ ክብሩን ያጣ ወይም ክብር ያገኘ ሌላ ቃል ፈልጉ።
5. የጁባን ጣቢያ የት ታኖሩታላችሁ? ምክንያታችሁን በአንድ አንቀጽ ጻፉ፤ የማትቀበሉትን ሐሳብም ጠቅሳችሁ መልስ ስጡበት።

ሐ. ተግባር

በቡድን ሆናችሁ የክፍላችሁን ርዝመት፣ ወርድና ከፍታ፣ የበሩንና የመስኮቶቹንም ልክ በሜትር ለክታችሁ ለ87 አካፍሉ። በተገኘው ልክ የፊት ለፊቱን ግድግዳ በወረቀት ላይ ንደፉ። ሌላ ቡድን ክፍሉን ሳይለካ፣ የእናንተን ንድፍ ብቻ አይቶ የበሩን እውነተኛ ቁመት ይናገር፤ ከዚያም ልዩነቱን በእውነተኛው በር ላይ አመሳክሩ።